አባዬ ያተመው ጋን

የምሥራቹን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሮቤ ሄጄ ላነብ ነው! ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ከፍ አድርገው ይዘው «ከፋሲካ በኋላ ሮቤ በሚደረገው የተማሪዎች ንባብ ላይ ከጎባ የምታነቢው አንቺ ነሽ» ሲሉኝ፣ ጆሮዬን ማመን አቅቶኝ «እኔ?» ብዬ ክፍሉን በሙሉ አሳቅሁት። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም፤ ወፍጮ ቤቱን አልፌ፣ የጎረቤታችንን የአዴ ዘይነባን ዶሮዎች በትኜ፣ ገና ከአጥሩ ሳልገባ «እማዬ! ተመረጥኩ!» እያልኩ ጮህኩ። እማዬ ደጅ ተቀምጣ ጌሾ ትለቅም ነበር። እልል አላለችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ «ሮቤ አድረሽ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

«ኧረ በዚያው ቀን! ጠዋት ሄጄ ማታ እዚሁ ነኝ።»

«በዚያው ቀን» አለች ለራሷ፤ ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ፣ ከአባዬ ጊዜ ወዲህ ማንም ያልነካውን ትልቁን ጋን እያሽከረከረች አወጣችው። በግራዋ ቅጠል እያሸች አጠበችው፣ ወይራ አቀጣጥላ ነበልባሉን አጠፋችና ጭሱ ላይ ደፋችው። ያ ጭስ ከጋኑ ከንፈር ስር ሾልኮ አፍንጫዬ ሲደርስ ደስታዬ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ እኔ ግን የፊት ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ሆኜ ራሴን ጓዳው ውስጥ አገኘሁት።

በእኛ ቤት ጠላ ሁለት አገር ነበራት። የመጀመሪያው አገሯ ማድቤቱ ነበር፤ እማዬ የገብሱን ብቅል ከጌሾ ጋር ጠንስሳ፣ አሻሮውን ጨምራ ስታበቃ፣ ጋኑን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ በገለባ ትጠቀልለው ነበር፤ ጎባ ብርድ ነው፣ ጠላ ደግሞ ሙቀት ካላገኘች እንደ ሰነፍ ልጅ ተኝታ ትውላለች። ሁለተኛው አገሯ ወለሉ ወደ ታች የተቆፈረው፣ ፀሐይ የማያውቀው፣ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደውን ንፋስ የምትቀበል አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው የጓሮው ጓዳ ነበር። ፈልታ የጨረሰች ጠላ የምትጠራው እዚያ ነበር። «ሙቀት ያፈላታል፣ ብርድ ያጠራታል፤ ካቀያየርሽው ኮምጣጤ ነው የምትጠጪው» ትለኝ ነበር እማዬ።

አባዬ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። ማታ ማታ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ይዞ ይገባና ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ ጆሮውን የጋኑ ሆድ ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ የወፍጮ ጩኸት የጠጣ ጆሮ ያን ትንሽ ድምፅ እንዴት ይሰማ እንደነበር እንጃ። «ገና ዝናብ ላይ ናት» ይል ነበር፤ እውነትም እኔ ሳዳምጥ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ይሰማኝ ነበር። እማዬ በጆሮ አታምንምና መዳፏን ጋኑ ላይ አሳርፋ «ትኩሳቱ አልወረደላትም» ትላለች። በዚህ ሁልጊዜ ይከራከሩ ነበር፤ ሁልጊዜም ይስማሙ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ አባዬ «ተኛች» ይላል፣ ያኔ ጎረቤት ተጠርቶ ጋኑ በሳንቃ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ብርዱ ጓዳ ይገባና አፉ በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ሳትተኛ የታተመች ጠላ ጭቃዋን ሰብራ ትወጣለች።

ከአባዬ ወገን የመጣ ልማድም ነበረን። ከቤቱ ሩቅ የሚሄድ ሰው ካለ ጠላ ይጠመቅለታል፣ ጋኑ ሲታተም እርጥቡ ጭቃ ላይ መዳፉን ይጫናል፣ ያን ጋን ከራሱ በቀር ማንም አይከፍተውም፤ ተመልሶ የገዛ እጁን በገዛ እጁ ይሰብራል። አባዬ ለሥራ አጋርፋ ሲሄድ እንኳ ለጨዋታ ብሎ መዳፉን ትንሿ እንስራ ላይ ይጫን ነበር፤ ማታ ሲመለስ በጡጫ ይሰብረውና «ይኸው ከዘመቻ ተመለስኩ!» እያለ ያስቀን ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ገብሱ ማሸት ሲጀምር እውነተኛው ዘመቻ መጣ። በምሥራቅ በኩል ጦርነት ነበር፤ አባዬም ከሚሊሺያው ጋር እንዲሄድ ተጠራ። በጥሪውና በመሄጃው መካከል የነበረው ጊዜ ለአንድ ጠላ ብቻ የሚበቃ ነበር። እማዬ ብቅሉን አብዝታ፣ ውሃውን ቀንሳ፣ እንደዚያ የወፈረ ጠላ ጠምቃ አታውቅም።

«ስንት ዘመን ልትቆይ ነው ይህን ያህል ያወፈርሻት?» አላት አባዬ እየሳቀ።

«አንተ ስንት ዘመን ትቆያለህ?»

«እኔማ ሳትጠራ እደርሳለሁ።»

በሚሄድበት ጠዋት ጭቃው ላይ መዳፉን አሳርፎ ብዙ ቆየ። ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ተጭኖ፣ ሲያነሳው የእያንዳንዱ ጣት መገጣጠሚያ ሳይቀር ታትሞ ነበር። በጣቱ ላይ የቀረውን ጭቃ አፍንጫዬ ላይ ቀባኝና ወጣ። እኔ እስኪደርቅ አልጠረግኩትም፤ ደርቆም በራሱ ጊዜ እስኪረግፍ ጠበቅሁት።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ውርጩ ነበር፤ በሳፋ ያደረ ውሃ መስታወት ለብሶ የሚነጋበት ወራት። ሌላው ሰው መስኮቱን በጨርቅ ሲወትፍ እማዬ የጓዳውን መስኮት አመሻሽ ላይ ትከፍተው ነበር፤ የሳነቴ ንፋስ ገብቶ ከጋኑ ጋር ያድራል፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ በጆንያ ደፍና ብርዱን እንደ ከብት ውስጥ ትዘጋበታለች። ነገሩ የጠላው ብቻ አልነበረም። ሙቀት ከገባ ጭቃው ይደርቃል፣ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ካልተለሰነ ጠላው ይበላሻል፣ ከተለሰነ ደግሞ እጁ ይጠፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማቆየት የሚችለው ብርዱ ብቻ ነበር። «እጁ እስካልተሰነጠቀ ድረስ መንገድ ላይ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ እኔም እንደ ጸሎት ያዝኳት።

አዴ ዘይነባ ሙስሊም ናት፣ ጠላ በአፏ አይዞርም፤ ቢሆንም እማዬ ሮቤ ገበያ ስትሄድ መስኮቱን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። «አላህ ያሳያችሁ፣ የማልጠጣውን ነገር ስጠብቅ እኔ አረጀሁ!» እያለች ጆንያውን ታስተካክል ነበር። እማዬ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ሁለቱም ዞር ሲሉ እገባና ጆሮዬን ጋኑ ላይ ለጥፌ አዳምጥ ነበር። ምንም የለም። ዝምታው ባዶ ዕቃ ዝም እንደሚለው አልነበረም፤ አጥር ስር ተደብቆ ትንፋሹን የያዘ ሰው ዝምታ ነበር። ከዚያ መዳፌን ከመዳፉ በላይ አየር ላይ አንሳፍፌ፣ ሳልነካው፣ ከአባዬ እጅ የሚወጣውን ብርድ እሞቀው ነበር።

በበልግ ጦርነቱ አበቃ ተባለ፤ ዝናቡ ሲጀምር ዘማቾቹም መመለስ ጀመሩ። መኪና በመጣ ቁጥር እማዬ የአባዬን ዋንጫ አውጥታ ታጥብ ነበር፤ መኪናው ሰዎቹን አራግፎ ሲሄድ ዋንጫውን አድርቃ ትመልሰዋለች። አንዱ ቆስሎ አየሁት አለን፤ ሌላው አብረን አልነበርንም አለን፤ ቀበሌ ስንጠይቅ ታገሱ አሉን። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። ሰዉ ከእማዬ ጋር ሲያወራ ዓይኑን ወደ መሬት ማውረድ ጀመረ፤ እሷ ግን ሁሉንም በአንድ ቃል ትመልስ ነበር፤ «እጁ ደኅና ነው።» ክረምቱም በዚሁ አለፈ፤ ውጭ ሁሉ ነገር ሲበሰብስ እጁ ደኅና ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ የአባዬ ታላቅ እህት፣ አዳዳ የምንላት ጫልቱ፣ በጋብቻ ከወረደችበት፣ አንገቱ ከሚባለው አገር ተነሥታ፣ በበቅሎ ሳነቴን አቋርጣ፣ ማር ይዛልን መጣች። አንገቱ ጫካና ቡና ነው፣ ሙቀት ነው። ከበቅሎዋ ሳትወርድ «ቆሪ ና አጄሴ! ብርድ ገደለኝ! እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ሰው ይኖራል?» እያለች ጮኸች፤ ከወረደች በኋላ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ነገር የወንድሟን እጅ ነበር። ጓዳው ውስጥ ገብታ የተከፈተውን መስኮት ስታይ ደረቷን መታች።

«ወንድሜን በውርጭ! አንቺ ሴት፣ ልብ የለሽም? በእኛ አገር ጠላ ታቅፎ ነው የሚቀመጠው!»

«እትዬ፣ ብርዱ ነው ያቆየው» አለች እማዬ። «እባክዎ አይንኩብኝ።»

አዳዳን ላለመበደል እላለሁ፣ በአንገቱ አገር ልክ ነበረች። እዚያ ጠላ ሞቃ ትፈላለች፣ ሞቃ ትጠጣለች፣ በሳምንት ታልቃለች፤ የመዳፉን ልማድ ብታውቅም ዓመት የሚጠብቅ ጋን አይታ አታውቅም። እማዬ በማግስቱ ሮቤ ገበያ ስትወርድ፣ አዳዳ መስኮቱን ዘጋች፣ ከሰል ያጋመ ማንደጃ አስገባች፣ ጋኑን በራሷ ቡልኮ ጠቀለለችውና አጠገቡ ቁጭ ብላ በኦሮምኛ ታንጎራጉርለት ጀመር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ የጠመቃ ቀን ሽታ ሸተተኝ። «ነይ ስሚ!» አለች አዳዳ ፊቷ በእንባ ረጥቦ፣ እየሳቀች። «ነይ፣ አባትሽ ተነሣ!» ጆሮዬን ለጠፍኩ። ዝናብ ነበር። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው የአባዬ ካፊያ፣ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ እየበረታ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቀና ስል ግን በጣቶቹ መካከል ያለው ጭቃ ተላቆ፣ ከስንጥቁ አረፋ ሲወጣ አየሁ፤ እጁ ያላበው ይመስል ነበር።

ጩኸቴን ሰምታ አዴ ዘይነባ ገባች። «ያ አላህ! ጫልቱ፣ ምን አደረግሽ!» ብላ ማንደጃውን አውጥታ ወረወረች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ ጆንያ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ጋኑን አለበሰችው። አልሆነም። አንዴ የነቃች ጠላ በልመና አትተኛም። ስንጥቁ ከመዳፉ ተነሥቶ ወደ መሐል ጣቱ ወጣ። እማዬ ዘንቢሏን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ የደረሰችው ያኔ ነበር።

ትጮኻለች ብለን ጠበቅን። እሷ ግን ዘንቢሏን አስቀምጣ፣ ጋኑ አጠገብ ተንበርክካ፣ ዓመት ሙሉ ያልነካችውን የእጁን ቅርጽ በራሷ መዳፍ ሸፈነችው። መዳፏ ከሱ መዳፍ ያንስ ነበርና አረፋው በዙሪያው እየወጣ በክንዷ ላይ እስከ ክርኗ ወረደ። እንዲሁ ሆና ብዙ ቆየች፤ ከዚያ «በቃ፣ ደክሞታል» አለችና ጭቃውን ተጭና ሰበረችው።

አዳዳ መሬት ላይ ተዘርራ «እኔ ገደልኩት! ወንድሜን እኔ ገደልኩት!» ማለት ጀመረች።

«ኧረ እትዬ፣ ይነሡ» አለቻት እማዬ። «እርስዎ አልገደሉትም። ከብርድ ነው ያወጡት።»

አረፋውን ገፍታ በአባዬ ዋንጫ ቀዳች። ጠላው ከስር እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ነበር፤ ዋንጫውን ለአዳዳ ሰጠቻት፤ አዳዳም ቀምሳ «አልኮመጠጠችም» ብላ እንደገና አለቀሰች። ሽታው ከቤት ወጥቶ ነበርና ጎረቤቱ አንድ በአንድ መጣ። መርዶ ነጋሪ አልነበረም፤ ማንም ማንንም አልጠራም፤ ሴቶቹ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር የገቡት። አባዬ ለቅሶ የተለቀሰለት እንዲህ ሆኖ ነው። አዴ ዘይነባ እማዬን በትከሻዋ አቅፋ «ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን አልጠጣው፣ ላልቅሰው እንጂ» ስትል ሰምቻለሁ።

ለቅሶው ሲያበቃ እማዬ የጭቃውን ስብርባሪ ሁሉ ለቅማ በገበቴ ዘፈዘፈችው። ሲርስ አቦካችው፣ በሱም የጓዳውን መስኮት መረገችው፤ ንፋሱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልገባም። ጠላ መጥመቋን ባትተውም በትንሽ እንስራ ነበር፣ ለሰሞኑ የሚሆን፣ ገና ጉሽ እንደሆነ የሚያልቅ። የጠራ ጠላ ቤታችን ውስጥ አልታየም። እኔ ያን ግድግዳ አጠገብ ሳልፍ እጄን አሳርፍበት ነበር፤ አባዬ የትኛው ቦታ ላይ እንዳለ ስለማላውቅ ሁሉንም ቦታ እነካ ነበር።

አሁን ወደ ምሥራቼ ልመለስ። የዘንድሮው ጠላ ምድጃው አጠገብ ፈላች፣ እኔም ጆሮዬን ለጥፌ ዝናቡን ሰማሁ፤ «ተኛች» ያልኩት እኔ ነኝ፣ እማዬም በመዳፏ አረጋግጣ ተስማማች። ከዚያ መጥረቢያ ይዛ ጓዳ ገባች። የመስኮቱ ምርጊት ሲፈርስ የሳነቴ ንፋስ አቧራውን እያቦነነ ገባ፤ እማዬ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ሰጠችው። የፈረሰውን ጭቃ እንደዚያን ጊዜ ዘፍዝፋ በአዲስ ጭድ አቦካችው፣ ጋኑንም በሱ አተመችው።

«ይህ ሁሉ ለሮቤ ነው?» አለች አዴ ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ። «እንዲህማ ከሆነ እኔ በየሳምንቱ ሮቤ ስመላለስ የጎባ ጋን ሁሉ ባለቀ ነበር!»

እማዬ ሳቀች። «ነይ፣ ተጫኚ» አለችኝ።

መዳፌን አሳረፍኩ። ጭቃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጣቶቼ ሲሰምጡ ከስር የሆነ ነገር መልሶ የያዘኝ መሰለኝ፤ አላወጣኋቸውም፣ ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ ተጫንኩ። ሳነሣው እማዬ የቀረውን ቅርጽ ጎንበስ ብላ አይታ «ትንሽ ናት፤ ቶሎ ትሰበራለች» አለች። ምርቃት ነበር። አባዬ የሄደበት መንገድ የት እንደሚያልቅ ማንም አያውቅም ነበር፤ የእኔ መንገድ ሮቤ ደርሶ ይመለሳል። ያኔ መስኮቱ የሚከፈተው አንድ ሰው እንዳይሞት ነበር፤ ዘንድሮ የተከፈተው ጠላ እንድትጠራ ብቻ ነው፣ ይህም ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ኑ። ባነበብኩበት ቀን አመሻሽ ላይ ጎባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ዶሮዎቹ መንገድ ከሚዘጉበት ቤት ቀጥሎ ያለው የእኛ ነው። ጠላ ለማይጠጣ አዳዳ ከላከችው ማር ብርዝ ይኖራል፤ አዴ ዘይነባ ራሷ ልትበርዘው ቃል ገብታለች። ኩባያ ይዛችሁ ኑ፤ ሄዶ የቀረባችሁ ሰው ካለ ለእሱም አንድ ጨምራችሁ ያዙ፣ እማዬ ትሞላዋለች። ብትቀድሙኝ ግን ጋኑን እንዳትነኩ። እጁ የእኔ ነው፤ ተመልሼ የምሰብረው እኔ ነኝ።